የሽመል መጋዝ

አሶሳ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት መጋዝ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ኮሌጅ ውስጥ የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ይዤ ሱቅ እገባና ምላጩን ለምጬ እለቀዋለሁ፤ ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ጥሩ ብረት ነው፣ ጎብጦ ከቀረ አትግዙ እላለሁ። ባለሱቆቹ ገና ሲያዩኝ ፊታቸውን ያጠቁሩ ነበር።

አንድ ቀን፣ ገበያው ዳር ከሽመል፣ ከቆላው ቀርከሃ፣ አልጋና ወንበር የሚሠሩ የበርታ ሽማግሌ መጋዛቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወርክሾፑ ድረስ መጡ። ዓይናቸው ደክሞ ጥርሱን ማየት አቅቷቸዋል። አባታቸው ከሱዳን ያመጡት መጋዝ ነው። ለመጥኩት፤ ወዲያው ቀጥ አለ። እንዲህ ያለ ብረት እጄ ገብቶ አያውቅም።

"ኡስታዝ፣ ጥርሱ እንዳለ ይሁን። ትንሽ ብቻ ሳልልኝ" አሉኝ፤ እዚያ አስተማሪን ኡስታዝ ነው የሚሉት።

እሺ ብዬ ሸኘኋቸው። ከዚያ ተማሪዎቹን ሰበሰብኩ። ጥርሱ ደቃቅ ነው፣ ወደ ጎንም አላጋደለም። "ይሄ መጋዝ ነው ወይስ ማበጠሪያ?" አልኩ። ሳቁልኝ። ሞረዴን አንስቼ የድሮውን ጥርስ ድምጥማጡን አጠፋሁና ለዋንዛ ጣውላ የሚሆን ትልልቅ ጥርስ አወጣሁለት፤ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ አጋደልኩ። ሽማግሌው ሲወስዱት መረቁኝ።

ከሳምንት በኋላ በደጃቸው ሳልፍ የቆረጡትን ሽመል አየሁ። ጫፉ ሁሉ ተሰነጣጥቆ ስንጥር አውጥቷል። ደቃቁ ጥርስ ለምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ከተማሪዎቼ ግማሾቹ ሽመል ሲቆረጥ እያዩ ያደጉ ናቸው፤ ግን አስተማሪ ነኝና ማን ደፍሮ ይንገረኝ።

"እጄ ነው ኡስታዝ" አሉ ስንጥሩን እየዳበሱ። "እጄ አርጅቷል። መጋዙን አንተ ስለኸዋል፣ እሱ ደህና ነው።"

እጃቸው ዝንፍ አይልም ነበር፤ ሲቆርጡ ቆሜ አይቻለሁ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት የሚለው አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

"አይዞዎት አባባ፣ ዕድሜ ነው" አልኳቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል።

ወር ሳይሞላ ሥራውን ተዉት። መጋዙንም ክፍል ድረስ አመጡና "እኔ ከእንግዲህ አልችልም፣ ልጆቹ ይማሩበት" አሉ። ተማሪዎቹ ቆመው አጨበጨቡላቸው። እኔም ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።