ሳህን ላይ የሠራው እርድ

ረውዳ ኮምቦልቻ ውስጥ ባዮሎጂ የምታስተምር፣ ለሁለተኛ ዲግሪዋ እርድና ኮረሪማ ስትፈጭ የከረመች ልጅ ናት። የዝንጅብል ዘመድ የሆኑት እነዚህ ተክሎች ቁስል እንዲያመረቅዝ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎችን ይገቱ እንደሆነ ነበር የምትፈትሸው። መብራት በጠፋ ቁጥር ልፋቷ ገደል ሲገባ ቆይቶ አንድ ቀን ተሳካላት። ባክቴሪያው በተዘራበት ሳህን ላይ፣ የእርዱ ጭማቂ ባረፈበት ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ንጹሕ ክብ ታየ። ደስታዋን መያዝ አቅቷት ፎቶውን ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ላከች።

መዘዙ የመጣው ከዚያ ነው። ደሴ ገበያ ቅመም የሚሸጡት አጎቷ ሸረፈዲን ስኳር አለባቸው። ፎቶውን አዩና ኪኒናቸውን ትተው እርድ በወተት መጠጣት ያዙ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር፦ «የእህቴ ልጅ በመሣሪያ አረጋግጣዋለች!» ይላሉ። ረውዳ ይህን ከሚስታቸው ከዐሊማ እንደሰማች ሚኒባስ ይዛ ዳገቱን ወጣች።

«አጎቴ፣ እኔ ያየሁት እኮ ሳህን ላይ ነው። ያውም በባክቴሪያ እንጂ በስኳር አልሞከርኩትም።»

«ሳህን ላይ የሠራ ሆድ ውስጥ ምን ይከለክለዋል?»

«ወላሂ መጠኑን እንኳ አላውቀውም! ስኳር ሊቀንስ ይችላል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ኪኒናዎን ይተካል ያለ ግን የለም።»

«አብሽሪ ልጄ፣ ትሕትናሽ ነው።»

 ሰው ባወቀችው ልክ ሳይሆን በተመኘው ልክ ሲያምናት ምን ትበል?

ብዙም ሳይቆይ ጫማ የአጎቷን ትንሿን የእግር ጣት ላጣት። እርድ ነሰነሱባት። ዱቄቱ ከላይ ደርቆ ሲያሳምር ከሥር መግል ቋጠረ፤ ትኩሳት ጣላቸው። ዐሊማ «ድረሽ!» ብለው ደወሉ። ረውዳ በዚህ ጊዜ አልተከራከረችም፤ ጮኻባቸው ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ስኳራቸው ጣሪያ ነክቶ ነበር። በመርፌና በመድኃኒት ወረደላቸው፤ ትንሿ ጣታቸው ግን አልተረፈችም።

ሲሻላቸው ጠያቂ ቤቱን ሞላው።

«አልሐምዱሊላህ! እርዱ ባይኖር ኖሮ እግሬ ሙሉውን ይሄድ ነበር። እሷን ጠይቋት!» አሉ ሸረፈዲን።

ሁሉም ወደ ረውዳ ዞሩ።

«ኪኒናችሁን ዋጡ፤ ሌላ የምላችሁ የለኝም» አለች።

«እሱንስ እንዋጥ» አሉ አንዲት ጎረቤት፣ «እርዱ ግን በቀን ስንት ማንኪያ ነው?»

ረውዳ ተነሥታ ወጣች። ከሁሉ በላይ ያበገናት፣ እርዱ ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ እሷም ማመኗ ነው። ያን ለይቶ ማወቅ ግን ዓመታት ይፈልጋል፤ እስከዚያ የሚታገሥ ሰው አላገኘችም።