የአከራዬ ቤንዚን

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ከጎጃም ወጥቼ ጭሮ ለማስተማር ስመደብ እናቴ «ፈሪ ለእናቱ ነው» ብላ ነው መርቃ የላከችኝ፤ ምርቃቷን አጥብቄ ይዣለሁ። መንገድ ስሻገር ግራ ቀኙን አራት ጊዜ አያለሁ። ከሂርና በኩል የሚበር የጫት መኪና ጥሩንባ ከሰማሁማ ከአስፋልቱ ወርጄ ያገኘሁት ሱቅ ውስጥ እገባለሁ። ተማሪዎቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

የተከራየሁት ባላቸው ከሞቱባቸው አንዲት ሙስሊም እናት ግቢ ነው። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ሴት ልጄ እንደማለት። በመጣሁበት ዓመት ታይፎይድ ሲጥለኝ ሾርባ እየሠሩ በማንኪያ ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ የክፍሌ ትርፍ ቁልፍ ከእሳቸው ዘንድ ነው የሚቀመጠው። ብታመም በሩን የሚከፍትልኝ ሰው ይኑር ብዬ እኔው ነኝ የሰጠኋቸው።

ማደያዎቹ «ቤንዚን የለም» የሚል ካርቶን ማንጠልጠል ሲያበዙ፣ ከሚኤሶ በኩል ቢጫ ጀሪካኖች ወደ ግቢያችን መምጣት ጀመሩ። እማማ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለው ባዶ ክፍል ደረደሯቸው። ጠዋት ጠዋት የባጃጅ ሾፌሮች የውኃ ፕላስቲክ ይዘው በር ላይ ይሰለፋሉ። እኔና ጀሪካኖቹን የሚለየን የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ሽታው ልብሴ ውስጥ ገባ፤ ዳቦዬ ሳይቀር ቤንዚን ቤንዚን አለኝ። እማማ ደግሞ ከሰላቸውን የሚያቀጣጥሉት እዚያው በረንዳ ላይ ነው። ብልጭታው ሲበተን በዓይኔ እየተከተልኩ የት እንደሚያርፍ አያለሁ። ሻማ ማብራት ተውኩ፣ ምግብ ማብሰልም ተውኩ።

አንድ ቀን ደፍሬ «እማማ፣ እሳት ቢነሳስ?» አልኳቸው።

«አላህ ይጠብቃል። ይሄን ተውኩ እንበል፣ በምን ልብላ ታዲያ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ።

ክፍሌ ገብቼ አልጋዬን ከጭቃው ግድግዳ አራቅሁት።

በዚያው ሰሞን የከተማው ፖሊስ ለማኅበረሰቡ ትምህርት ይሰጣል ተብሎ አንዲት ሴት ፖሊስ ትምህርት ቤታችን መጣች። ስለ መንገድና ስለ እሳት አደጋ አስተማረች። መኖሪያ ቤት ውስጥ ቤንዚን የሚያከማች ካያችሁ ጣቢያው በር ላይ የጥቆማ ሳጥን አለ፣ ስም መጻፍ አያስፈልግም አለች። ተማሪዎቹ በመስኮት ውጪ ውጪ ያያሉ። ማስታወሻ የምይዘው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጥቆማውን የጻፍኩት በግራ እጄ ነው። ፊደሉ የአንደኛ ክፍል ልጅ የጻፈው መሰለ። የግቢውን አቅጣጫ ከገለጽኩ በኋላ «እባካችሁ ሴትዮዋን አትሰሯቸው፣ ቤንዚኑን ብቻ አንሱት» የሚል ጨመርኩበት። ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ስጥለው ጥበቃው «ምን ነበር እህቴ?» አለኝ። «መታወቂያ ጠፍቶብኝ» አልኩት። ሰውየው ደግ ነው፤ ካላስመዘገብሽ ብሎ እጄን ይዞ አስገባኝ። መታወቂያዬ ቦርሳዬ ውስጥ ተኝቶ፣ መታወቂያዋ ጠፍቷል የሚል ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ ይዤ ወጣሁ። ፖሊስ ፊት መዋሸቴ ሌላ ፍርሃት ሆነብኝ።

ከዚያ በኋላ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር መጋረጃዬን ገለጥ አድርጌ አያለሁ። አዩኝ ይሆን? እማማ ቢያውቁስ? ሾርባ ያጠጡኝን ሰው ጠቁሜ በየት በኩል ነው ቀና ብዬ የማያቸው?

ረመዳን ገብቶ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ያቺው ሴት ፖሊስ ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ግቢ ውስጥ ቆማለች። እማማ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ሊጠብሱ ምድጃቸውን አቀጣጥለዋል፤ ያስቀመጡት ከእኔ በር ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ሲያዩኝ ፈገግ አሉ። ፖሊሶቹ ባዶውን ክፍል ከፍተው አዩ። እውነትም ባዶ ነው፤ ወለሉ ታጥቧል።

«ይሄኛውስ?» አለች ፖሊሷ ወደ እኔ በር እያመለከተች።

«የመምህርቷ ነው» አሉ እማማ።

ፖሊሷ አየችኝ። «አንቺ እንኳ ስናስተምር ማስታወሻ ስትይዢ የነበርሽው ነሽ። የአንቺ ከሆነ ይቅር» ብላ መንገድ ጀመረች።

እማማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ፖሊስ በየግቢው እየዞረ ነው ሲሉ ሰምቼ አልጋሽ ሥር አስገባሁት። የመምህር ቤት ማን ይፈትሻል? አትፍሪ።»

አትፍሪ! ሽታው በበሬ ሥር እየወጣ ነው፤ እማማ ጎንበስ ብለው ፍሙን ማራገብ ቀጠሉ። ፖሊሷ የግቢውን በር ልትከፍት እጇን ዘርግታለች። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ዝም ብል ግን ያ ሁሉ ቤንዚን አልጋዬ ሥር ያድራል፣ እኔም ከላዩ።

«ይግቡና ይዩት» አልኩ። የቁልፉን ቀዳዳ ሦስት ጊዜ ስቼ በአራተኛው ከፈትኩት።

ፖሊሷ ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር አየች። ስትነሳ ፊቷ ተለውጧል። «የማን ነው?» አለችኝ። ለካ ይህን አላሰብኩም ነበር። የተገኘው በእኔ ክፍል ነው። እስር ቤት፣ ከሥራ መባረር፣ የእናቴ ለቅሶ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ።

እማማ ማራገቢያውን ጣሉ። «የእኔ ነው» አሉ። «ወላሂ ልጅቷ አታውቅም። ቁልፏ እኔ ጋ ነው፤ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ፖሊሷ ፍሙ ላይ ውኃ ደፋችበት። ጀሪካኖቹ ተጭነው ሄዱ፤ እማማም አብረው ሄዱ። እኔ በግቢው በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። የተጠቀለለው ሳምቡሳ ሳይጠበስ ትሪ ላይ ተደርድሯል። እንዲደርቅ አልፈለግሁም፤ ምድጃውን ከቤቱ አርቄ እንደገና አቀጣጠልኩትና ውኃ በባልዲ አጠገቤ አስቀምጬ ጠበስኩት።

ሊያፈጥሩ ትንሽ ሲቀራቸው ተመለሱ። ሰው ጠቁሞ ነው የመጣነው ብለው፣ ሁለተኛ ላይደግሙ አስፈርመው ለቀዋቸዋል። በሩን በመክፈቴ አልወቀሱኝም። «ፈርተሽ ነው፤ አውቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳልነግርሽ ቤትሽ ያስገባሁት» አሉኝ። ያን ጊዜ ልነግራቸው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

አዛን ሆነ። ቴምሩን ከመቅመሳቸው በፊት እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ አላህ፣ የጠቆመብኝን ሰው አጋልጥልኝ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ሳያወርዱ ዞር ብለው አዩኝ። ከሁለታችን በቀር ሰው የለም፤ አሜን የሚልላቸው እኔ ብቻ ነኝ።

«አሜን» አልኩ።

ከትሪው ላይ የመጀመሪያዋን ሳምቡሳ አንስተው አጎረሱኝ።