ገቢ ያልሆነው ማመልከቻ

ያንን ዓርብ ሳስታውስ አሁንም መዳፌን ያልበኛል። የሥራ ማመልከቻ ማስገቢያው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሰዓቱ ስምንት ሆኗል። እጄ ላይ ያለው ማመልከቻ እንዲገባ የማልፈልገው ነው፤ እንዲገባ የምፈልገው ደግሞ ገና ከስልኬ አልወጣም።

ሥራውን ያወጣው ስለ ሐይቁ ዓሣ የሚያጠና አንድ ፕሮጀክት ነበር፤ መረጃ ሰብሳቢ ይፈልጋሉ። ማስታወቂያውን ከማንበቤ ብዛት በቃሌ ይዤዋለሁ። የትምህርት ማስረጃ ጠይቀዋል፤ ከእሱ ጋር «ለሥራው ለምን እንደሚመጥኑ የሚያስረዳ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ማመልከቻ»። እኔ በባዮሎጂ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሁለቱንም ዓመት የኖርኩት ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ከእናቴ ጎን ቆሜ የዓሣ ቅርፊት ስፍቅ ነው። የሰፈር ሰው ሲያገኘኝ «ዲግሪሽ እስካሁን ቅርፊት አላወጣም?» ይለኛል። እስቃለሁ፤ እቤት ስገባ ግን ድስቱንም ሰሃኑንም አንኳኳለሁ።

እስከዚያ ቀን ድረስ አሥራ አንድ ቦታ አመልክቻለሁ። አንዱም አልጠራኝም። አሥራ አንዱንም የጻፉልኝ አንድ ሰው ናቸው። የአባቴ ጓደኛ ነበሩ፤ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ደብዳቤ ሲቀበሉ፣ ቁጥር ሲሰጡ፣ ሲያስቀምጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ቤታቸው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በሲዳሙ አፎ ይስቃሉ፣ በሲዳሙ አፎ ይቆጣሉ፤ አማርኛን ግን የለመዱት ከደብዳቤ ነው። እኛ ቤት ሻይ ሲቀርብላቸው እንኳ «ቀደም ሲል በገለጽኩት መሠረት ስኳር እንዳይበዛበት» ይላሉ። እኔና ታናሽ እህቴ ወደ ጓዳ እንሮጣለን፣ ሳቃችንን እዚያ እንጨርሰዋለን።

ብቀልድም ውለታቸው አለብን። አባቴ የሞተ ዓመት እናቴ ዓሣ የምትሸጥባትን ቦታ ለሌላ ሰው ሊሰጡባት ነበር። ጋሼ ሦስት ገጽ ማመልከቻ ጻፉላትና ከቢሮ ቢሮ እየዞሩ አስገቡት። ቦታዋ ተመለሰላት። ከዚያ ወዲህ ለእናቴ የጋሼ እስክሪብቶ ከጸሎት ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ነው።

አጻጻፋቸው አይለወጥም። ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከሥሩ ካርቦን፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ርዕስ። «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ አባቴ ይሞታል፣ እናቴ ታለቅሳለች፣ ታናናሾቼ ይራባሉ። መጨረሻ ላይ «የዚህችን ምስኪን እናት እንባ እንድታብሱልን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል። እኔ ምን እንደማውቅ፣ ምን መሥራት እንደምችል አንድ መስመር የለም። በእርግጥ እሳቸው ብቻ አይደሉም። እኛ ዘንድ ማመልከቻ ሲባል ችግርን መዘርዘር ነው፤ የሚራራ ይራራል። ቦታዋን ለተቀማች ሴት ይህ ይሠራል። ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው ግን ችግር ያለበት እሱ ነው። የእሱን ችግር ትፈቺለት እንደሆነ ነው ማወቅ የሚፈልገው፤ ይህን ለመረዳት አሥራ አንድ ዝምታ ፈጀብኝ።

ሐሙስ ዕለት ከገበያ መልስ፣ እጄ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣ በስልኬ የራሴን ጻፍኩ። በአሥራ አንዱ ማመልከቻ ውስጥ የደበቅሁትን ነገር አወጣሁት። «ላለፉት ሁለት ዓመታት በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አሞራ ገደል ነበርኩ። ጀልባ ሲገባ ዓሣውን የማጸዳው እኔ ነኝ። ቆሮሶውና አምባዛው በየትኛው ወር እንቁላል እንደሚይዙ ሆዳቸውን ከፍቼ አይቻለሁ። ስጀምር ከመዳፌ ይተርፍ የነበረው ቆሮሶ ዛሬ መዳፌን አይሞላም፤ ይህንንም ከነቀኑ በደብተር ይዤዋለሁ። አጥማጆቹ ያውቁኛል፤ ስጠይቃቸው አይዋሹኝም።» ከዚህ ሌላ ብዙም አልጨመርኩም። መልሼ ሳነበው ሰው ፊት ራቁቴን የቆምኩ ያህል አፈርኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ።

ዓርብ ጠዋት ጋሼ አሥራ ሁለተኛውን ይዘው መጡ። እንደተለመደው ሦስት ገጽ ነው።

«ይህኛው በልዩ ትኩረት የተዘጋጀ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ እነሱ እኮ አንድ ገጽ ነው ያሉት።»

«ችግር በአንድ ገጽ አያልቅም፣ ልጄ።»

እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። እኔም ከእጇ ወስጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ እናቴ ብቻ ያለባት ይመስለኝ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ያለው ኮምፒውተር ቤት ደረስኩ። መመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያሳትሙ ተማሪዎች ሞልተውታል። ተራዬ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረኝ መብራት ሄደ።

«ጄኔሬተር የላችሁም?» አልኳት ባለቤቷን።

«አለ። ነዳጁ ነው የሌለው።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ተኩል። ሌላ ሰፈር መብራት ይኖር እንደሆነ ብዬ እነሳለሁ፤ እዚህ ቢመጣብኝስ ብዬ እቀመጣለሁ። የጋሼ ሦስት ገጽ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። «እኔን አስገቢና ተገላገይ» የሚለኝ መሰለኝ። አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ መብራት መጣ። ሴትዮዋ ተራ የያዙትን ተማሪዎች ለምናልኝ ቀድማ አተመችልኝ። ወረቀቱን ገና ትኩስ እንዳለ ይዤ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ሹፌሩን «ንዳው! ንዳው!» እያልኩ አሰለቸሁት መሰለኝ፣ «እህቴ፣ ክንፍ የለውም እኮ» አለኝ።

የፕሮጀክቱ ቢሮ በር ላይ ደረስኩ። ጋሼ የጥበቃው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ለሠርግና ለቀብር የሚለብሱትን ጥቁር ኮት ለብሰዋል። ከሰፈራቸው ከቡሹሎ ድረስ መጥተው ጫማቸው አቧራ ጠጥቷል።

«ገቢ መሆኑን ሳላረጋግጥ እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉኝ። «ማህተም ያልተመታበት ደብዳቤ ያልተጻፈ ነው። ዋናውን ይይዙታል፤ ግልባጩ ቤት ነው።»

ጥበቃው ከአመልካች በስተቀር አላስገባም አለ። ለዚያ ሰውዬ እስከ ዛሬ እጸልይለታለሁ። ብቻዬን ገባሁ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ የማመልከቻ ክምር አለ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ይላል።

«ማመልከቻሽን» አለች እጇን ዘርግታ።

በአንድ እጄ ሦስቱን ገጽ ይዣለሁ፣ በሌላው የእኔን። በመስኮቱ ጋሼ ይታዩኛል። ኮታቸውን ቆልፈው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዳኛ ፊት የቀረበ ሰው መስለው ተቀምጠዋል። አንጀቴን በሉት። ጸሐፊዋ ሰዓቱን አየች፣ ከዚያም እኔን። የራሴን ሰጠኋት። ማህተም መታችበት፣ ቁጥር ጻፈችበት። የጋሼን አጥፌ ቦርሳዬ ግርጌ ከተትኩት።

ስወጣ ተነሥተው ቆሙ።

«ተቀበሉ?»

«ተቀበሉ፣ ጋሼ።»

«ማህተም?»

«ተመታ።»

«ጌታ ይባረክ!» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ የጠየቁኝን ሁሉ በእውነት መልሻለሁና። እንደዚህ ያለው እውነት ከውሸት እንደሚብስ ያን ጊዜም ሳይገባኝ አልቀረም።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ደብተርሽን አምጪ አሉኝ፤ ገጾቹ በዓሣ ውሃ ተጨማደው ነበር። ከደብተሩ ሌላ ምንም ማለት ይቻላል አልጠየቁኝም። በሳምንቱ ተቀጠርኩ።

እሑድ እናቴ ምስክርነት ልትሰጥ ተነሣች። «ሽማግሌያችን ጻፉ፣ ጌታ ሠራ!» አለች እያለቀሰች። ጉባኤው «አሜን» አለ። ጋሼ የፊተኛው ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ከኋላ ሆኜ ጆሯቸው ሲቀላ አየሁ። እኔም «አሜን» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ቸርች ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ያለው ሁሉ ወደ ቡሹሎ መሄድ ጀመረ። ጋሼ ማንንም አይመልሱም። እኔ ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ አንድ ዓመት አለፈ። ነገር ባደረ ቁጥር ይከብዳል። ደግሞ ደስ ብሏቸዋል፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲያ ቀና ብለው ሲሄዱ አይቻቸው አላውቅም።

በዓመቱ ፕሮጀክታችን ሁለት ተጨማሪ መረጃ ሰብሳቢ ፈለገ። አለቃዬ የማመልከቻውን ክምር እኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«አንደኛ ዙሩን አንቺ ለይው። ስለ ሥራው አንድ ነገር ያለ በቀኝ፣ ምንም ያላለ በግራ» አለኝ።

አራተኛው ላይ ሰማያዊ እስክሪብቶ መጣ። ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ርዕስ። ከቸርቻችን መዘምራን አንዷ ናት፤ የእናቷን ቤት አውቀዋለሁ። እናቷ ሐይቁ ዳር አትክልት ታለማለች፣ ልጅቱም ከእሷ ጋር ስትለፋ ነው ያደገችው፤ ውሃው ሲሸሽና ሲመለስ ከማንም በላይ ታውቃለች። ማመልከቻው ላይ ግን ይህ አንድም ቦታ የለም። «የዚህችን ምስኪን እናት እንባ» ይላል። የእኔ እናት እንባ ነው፣ ቃል በቃል። ለአለቃዬ «ይህችን ልጅ አውቃታለሁ» ልል አስቤ ነበር። ግን ለእሷ ካልኩ ለሌላውስ? ክምሩ ሲያልቅ በጋሼ እጅ የተጻፈ ዘጠኝ ማመልከቻ ተቆጠረ። ዘጠኙንም በገዛ እጄ በግራ አስቀመጥኩ። የተመረጡት ዝርዝር ዓርብ ተለጠፈ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቡሹሎ ሄድኩ። ጋሼ ግቢያቸው ውስጥ፣ ጥላው ሥር፣ ካርቦን አስገብተው እየጻፉ ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር መንገድ ሙሉ ሳጠና መጥቻለሁ፤ ሁሉም ጠፋብኝ። ቦርሳዬን ከፈትኩና ዓመት ሙሉ ያልጣልኩትን ሦስት ገጽ ፊታቸው አስቀመጥኩ።

መነጽራቸውን አደረጉ። ጽሑፉን አላነበቡም። ማህተም የሚመታበትን የላይኛውን ጥግ አዩ፤ ባዶውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ዋናው ነው» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

ሌላ ማስረዳት አላስፈለገም። ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው፣ ዋናው በእኔ እጅ ከተገኘ የትም እንዳልገባ ያውቃሉ።

«ታዲያ የገባው?»

«እኔ የጻፍኩት። ግማሽ ገጽ ነው።»

«ልጆቹስ? ትናንት ተለጠፈ አይደል?»

«ዘጠኙም አልተመረጡም። የለየሁት እኔ ነኝ» አልኩና እንባዬ መጣ።

መነጽራቸውን አወለቁ። ሲናገሩ አማርኛቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የደብዳቤ አልነበረም።

«ያን ቀን ብትነግሪኝ እቆጣሽ ነበር። ወር ሙሉ አላናግርሽም ነበር ይሆናል። ከዚያ ይበርድልኛል፤ የት እሄዳለሁ? የእኔን ቁጣ ፈርተሽ ዘጠኝ ልጆች አስቀጣሽ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ።»

እስክሪብቷቸውን አነሡና በባዶው ጥግ ላይ የዕለቱን ቀን ጻፉ፤ ከሥሩ «ገቢ ሆኗል» ብለው ፈረሙበት። ከዚያ ከግልባጩ ጋር ማህደራቸው ውስጥ አስገቡት። ጀምረውት የነበረውን ወረቀት ከነካርቦኑ አውጥተው አጠፉት።

«ነገ ከአምልኮ በኋላ ልጆቹን ሁሉ አስቀራቸዋለሁ» አሉ። «ያንቺን ማመልከቻ ይዘሽ ነይ። ቆመሽ ታነቢያለሽ፤ እኔም ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ እሰማለሁ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

በሩ ጋ ደርሼ እጄን እጀታው ላይ ሳሳርፍ ድምፃቸው ከኋላዬ መጣ።

«እናትሽም እንዳትቀር።»