ለካንተርበሪ የታጠበ ጀሪካን

ኂሩት ስትናደድ ዕቃ ታጥባለች። ለንደን፣ ካምደን ውስጥ በምታጸዳው ቢሮ አለቃዋ ነገር ከፈለጋት ያ ሁሉ ስኒ እስኪያብረቀርቅ ይፈተጋል፤ ካሌዶኒያን ሮድ ያለው ቤቷ ስትገባ ደግሞ የታጠበውን ድስት እንደገና ታጥበዋለች። በዚያ ሳምንት ግን የሚታጠብ ዕቃ አልቆባት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ነው። የእድራቸው ሊቀመንበር አቶ ብርሃኑ ደውለው የእታለማሁ ወንድም፣ ደሴ ታሞ የተኛው ገብረመድኅን፣ ማረፉን ነገሯት። እታለማሁ ከኂሩት ቤት አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ ብቻዋን የምትኖር፣ ፓርክ ሮያል ሰፈር ባለ ሳንድዊች ፋብሪካ የምትሠራ የረጅም ዘመን ጓደኛዋ ናት። ኂሩት እንባዋን ሳትጠርግ ሽማግሌው ቀጠሉ። መርዶው የሚነገረው ቅዳሜ ሲነጋ ነው፤ በሥራ ቀን ሰው አይገኝም፤ ብቸኛ ሴት ደግሞ ሰው ከቧት ነው መስማት ያለባት። እስከዚያው ሆድ ይፍጀው አሉ።

የኂሩት ደም ፈላ። ቅዳሜ ከእታለማሁ ጋር በባቡር ካንተርበሪ ደርሰው ሊመለሱ ተቀጣጥረዋል። ከእታለማሁ ጋር ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራ ቤንጃሚን የሚባል እንግሊዛዊ፣ በድሮ ዘመን ሕመምተኞች ወደ ካንተርበሪ ካቴድራል በእግራቸው ይጓዙ እንደነበር፣ ውኃም ቀድተው ይመለሱ እንደነበር አጫውቷት ነበር። እታለማሁ ይህን ሰምታ ልትቀመጥ ነው? የፈረንጅም ቢሆን ጠበል ጠበል ነው፣ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ለወንድሜ እልክለታለሁ አለች። ቤንጃሚን ውኃው ዛሬ የለም ቢላትም፣ ከተማው ውስጥ ወንዝ አይጠፋም ብላ ዘጋችው።

«ለጤናው ጠበል ልትቀዳ ነው እኮ የምትሄደው፣ አቶ ብርሃኑ። እንዴት ዝም እላታለሁ?»

«ደግ፤ ሐሳቧ እዚያ ላይ ይሁን» አሉ። «አንቺም አብረሽ አቅጂ፤ እንዳትጠረጥር።»

እርስዎ ያቅዱላት ልትላቸው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የራሷን እናት ሞት አንድ የማታውቀው ሰው በስልክ ነግሯት አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ብቻዋን የጮኸችውን ጩኸት አትረሳውም። ስለዚህ እሺ አለች። ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይኸው እሺታዋ ነው።

ረቡዕ እታለማሁ ስልኳን ይዛ ወደ ኂሩት ቤት ወጣች፤ ቲኬት ልትቆርጥ ነው። ኂሩት እዚያው ጣቢያው እንገዛለን አለቻት። ቀድመን ቡክ ካላደረግን ይወደዳል፣ ሀበሻ ፕላን አያውቅም እያልሽ የምትሰድቢን አንቺ አይደለሽ እንዴ ብላ ሳቀችባት። ዝናብ ይጥላል ስትላት አይጥልም፤ የባቡር መስመሩ ይጠገናል ስትላት ቼክ አድርጌያለሁ፣ አይጠገንም። ኂሩት ማመካኛ ሲያልቅባት ቱግ ብላ፣ ምን እንዲህ ያጣድፍሻል አለቻት። እታለማሁ ቅር ብሏት ወረደች።

ሐሙስ ደግሞ እታለማሁ ደሴ ደውላ ነበር። የወንድሟ ልጅ ሐኪም ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የለም አላት፤ ገብረመድኅን ግን ከተቀበረ ቀን አልፎታል። ኂሩት ይህን የሰማችው ከራሷ ከእታለማሁ አፍ ነው። ከደሴ እስከ ለንደን ያለ ዘመድና ወዳጅ ሁሉ በአንድ አፍ ይዋሻል፣ ይህም ርኅራኄ ይባላል። ያ ሁሉ ሽማግሌ ከንፈሩን እየመጠጠ ቤቱ ሲቀመጥ፣ ዓይን ለዓይን እያየች የምትዋሸው እሷ ብቻ ነች።

ዓርብ ማታ እታለማሁ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥላ መጣች። የዘይት ነበር፤ ሽታው አልለቅ ብሏታል። «እንዳንቺ የሚያጥብ ሰው የለም» ብላ ሰጠቻት። ቲኬቱንም የሁለታቸውንም ቆርጣዋለች፤ የመስኮቱን ወንበር የያዘችው ለኂሩት ነው። የእሮቡ ቁጣሽ ከድካም ነው፣ አንድ ቀን አየር ብታገኚ ይወጣልሻል አለቻት።

ኂሩት ጀሪካኑን በፈላ ውኃና በሳሙና አጠበችው። በሎሚ ደገመችው። ጀርባዋን እንደሰጠች አሁን ልንገራት ብላ አፏን ከፈተች። ይኼኔ እታለማሁ ከኋላዋ፣ «ገብሬ ከዳነልኝ በሚመጣው ዓመት አስመጥቼው አብረን እንሄዳለን» አለች። ኂሩት አፏን ዘግታ ሦስተኛ አጠበችው።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ጥቁር የለበሰ ሰው ደረጃውን ሞላው። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ነበሩ፤ አቶ ብርሃኑ ከፊት ሆነው አንኳኩ። እታለማሁ በሩን የከፈተችው ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ፣ ጀሪካኑን በእጇ ይዛ ነው። ልጄ ቁጭ በይ አሏት። አልተቀመጠችም። አላለቀሰችምም። ለማን እንደመጡ ገብቷታል፤ ዓይኗ ግን ከሰው ሁሉ ኋላ የቆመችውን ኂሩትን ፈለገ።

«ትናንት ይህን ስታጥቢልኝ ታውቂ ነበር?»

ኂሩት የምትዋሽበት አፍ አልቀራትም። «ከማክሰኞ ጀምሮ» አለች።

«እኔ እኮ ሳምንቱን ሙሉ አድንልኝ እያልኩ ነው የጸለይኩት። ነፍሱን ማርልኝ ማለት ነበረብኝ። ይህን ማን ቀማኝ?»

አቶ ብርሃኑ መሬት መሬት አዩ። እታለማሁ ጀሪካኑን ወረወረችው፤ በሽማግሌዎቹ እግር መካከል እየነጠረ ደረጃውን ወረደ። ጩኸቷ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሴቶቹ ተረባርበው ያዟት። ኂሩትም እጇን ስትዘረጋ፣ «አንቺ አትንኪኝ» አለቻት።

ኂሩት ወደ እታለማሁ ወጥ ቤት ገባች። ገበታው ላይ ሁለቱ ቲኬቶች ነበሩ፤ አጠገባቸው ለመንገድ የተጋገረ ዳቦ በፎጣ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ሳሎኑ በሰው ሞልቷል፣ የሚቀርብ ደግሞ ሌላ ነገር አልነበረም። ቢላዋ ፈልጋ ዳቦውን ለለቀስተኛው ትቆርሰው ጀመር።