ጋዜጣ የሚፈጨው ሰው

ሲምቦ በቤት ሠራተኝነት ወደምትኖርበት፣ በባዕድ የወደብ ከተማ ሆዳን ሰፈር ወዳለው ቪላ ሰውየው የመጣው በሐምሌ ሙቀት ነው። ሥራው አሮጌ ጋዜጣ ፈጭቶ፣ እሳት እንዳይበላው መድኃኒት ቀላቅሎ፣ በቱቦ ኮርኒሱ ውስጥ መንፋት ነበር። የተፈጨው ወረቀት የውጭውን ሙቀት ስለሚከለክል ኤርኮንዲሽነሩ ብዙ መብራት አይፈጅም ይባላል። ሰውየው ሃምሳ ዓመት ሳያልፈው አልቀረም። ብናኙ ጢሙን አመድ አስመስሎታል፤ በዚያ ወበቅ እንኳ የደጋ ኮቱን አያወልቅም። ማንበብ ባይችልም የእያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ሳያይ ወደ መፍጫው አይጨምርም። ሲምቦ ውሃ ስታቀብለው አንድ ገጽ ዘረጋላት። ፎቶው ላይ የተገለበጠ ጀልባ ነበር።

«ልጄ፣ ፈረንሳይኛ ታነቢያለሽ አሉ። ስም ጽፈዋል?»

ከእመቤቷ ልጆች በለቃቀመችው ፈረንሳይኛ እየተንተባተበች እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ሠላሳ አራት ኢትዮጵያውያን ሰጠሙ ነው የሚለው፣ ጋሼ። ስም የለውም።»

«ሴት ልጅ ነበረችበት ይላል?»

«አይልም።»

ሰውየው ገጹን በመዳፉ ደልድሎ አጠፈው፤ ጥቂት ይዞት ቆየና መፍጫው ውስጥ ጨመረው።

በማግስቱ ሳሎኑ ቀዝቅዞ እመቤቷ ደስ ሲላት፣ ሲምቦ ቀና ብላ ኮርኒሱን ማየት አቃታት።