የሹሩባ ሠሪዋ ግራ እጅ

በለጠችን በደንብ አውቃታለሁ ማለት አልችልም። ደባርቅ ውስጥ ስድስት ዓመት ጎረቤት ሆነን ከሰላምታ ያለፈ ብዙ አልተነጋገርንም። ይህን የጻፍሁት ልጄ ሲሲ ፀጉሯን ስትሠራ በር ላይ ቆሜ ከሰማሁት፣ ለበለጠች ከሐኪም ቤት የመጡላትን ወረቀቶች ካነበብሁላትና እናቷ እማማ ጤናዬ ካጫወቱኝ ነው። የሳትሁት ቢኖር ጥፋቱ የኔ ነው።

በለጠች ሹሩባ ሠሪ ናት። የጥምቀት ሰሞን ከዳባት ሳይቀር እየመጡ ወረፋ ይይዙላታል። በ2003 ዓ.ም. የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ግራ እጇ ይከዳት ጀመር። ሁለት ሦስት ጉንጉን እንደሠራች ክንዷ ይዝላል፤ ጣቶቿ ነጥተው ይቀዘቅዛሉ። ያኔ እጇን ጭኗ ላይ ታሳርፍና ጉልበቱ እስኪመለስላት ትጠብቃለች።

“በለጡ፣ በግማሽ ራስ ሠርግ ልትልኪኝ ነው?” አለቻት አንድ ቀን አምሳል የምትባል ደንበኛዋ።

“ምን ቸገረሽ? በተሠራው በኩል ዞረሽ ቁሚ!”

ጤና ጣቢያ ስትሄድ ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን ግራ ክንዷ ላይ አስራ ብታዳምጥ ምንም አልሰማ አላት። “ተበላሽቷል” ብላ ሌላ መሣሪያ አመጣች። እሱም ዝም። በመጨረሻ የእጅ አንጓዋን በጣቶቿ ይዛ ትርታ ፈለገች፤ አጣች። “እየተናገርሽ ባላይሽ ኖሮ ሞተሻል እል ነበር” አለቻት። በለጠች ይህን ስታወራ ትስቃለች። እኔ መሳቅ አልቻልሁም።

ከጤና ጣቢያው ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ አዲስ አበባ ላኳት። እዚያ ሐኪሙ ከልብ የሚወጡት ትልልቅ የደም ሥሮች ግድግዳቸው ተቆጥቶ እንደወፈረ፣ ውስጣቸውም እንደጠበበ ነገራት። ወደ ግራ እጇ የሚሄደው ተዘግቷል። ይበልጥ ያሰጋው ግን በአንገቷ ወደ ራሷ የሚወጣው ነው፤ እየጠበበ ሄዶ ከተዘጋ ግማሽ አካሏ ሽባ ሊሆን፣ ልትሞትም ትችላለች።

“ቦይ ሲደፈንባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?” አላት።

“በጎን ሌላ ቀደን ውኃውን እናሳልፋለን።”

“እኛም እንደዚያው ነን። በተዘጋው ጎን ሌላ ቧንቧ እንሰፋለን።”

ነገር ግን ቁጣው ሳይበርድ ቢሰፋ፣ የተሰፋውም መልሶ ይዘጋል። ስለዚህ በየቀኑ የምትውጠው ክኒን ተሰጣት። ቀዶ ጥገናውን የሚያደርጉት ሐኪሞች በዓመት አንድ ጊዜ ከውጭ አገር መጥተው ለአንድ ሳምንት የሚሠሩ ነበሩ። ተራዋ ለጥቅምት 2005 ደረሰ።

ክኒኑ ፊቷን አሳበጠው። ደንበኞቿ “ኑሮ ተመችቶሻል፣ ጉንጭ አወጣሽ!” ይሏታል። እሷም “የናንተን ፀጉር እየበላሁ ነው” ትላለች። ሐምሌ ላይ የደም ምርመራዋን ውጤት ያነበብሁላት እኔ ነኝ። ቁጣው በርዷል፤ መድኃኒቱን ግን አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጥ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብሁላት። እማማ ጤናዬ አጠገባችን ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር።

ነሐሴ ሲያልቅ እናትና ልጅ ዳባት አካባቢ ወዳለ ጠበል ወረዱ። ጳጉሜን ሙሉ ተጠመቁ፤ ሁለት ሱባኤ ቆዩ። በኛ አገር ጠበል የገባ ሰው ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል የሚመስለው ብዙ ነው። በለጠች ክኒኗን በመሐረብ ቋጥራ እቤት ትታው ነበር የሄደችው። ከተመለሰችም በኋላ መሐረቡ ሳይፈታ ሰነበተ። አንገቷን ያማት፣ ብድግ ስትልም ያዞራት ጀመር።

ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ ደረሰች። ደሟን መረመሩት፤ ቁጣው ተመልሷል። “በዚህ ላይ አንሰፋም” አሏት። ክኒኑን እንደገና አስጀመሯት፤ ሐኪሞቹም ሳምንታቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት ከመጡ ተብላ በአውቶቡስ ተመለሰች። የአንገቷ ደም ሥር ዓመቱን ይጠብቃት አይጠብቃት፣ ጠይቄ የነገረኝ የለም።

የጠበሉ አገልጋይ ቄስ የሺዋስ ገበያ መጥተው ነገሩን ሲሰሙ አዘኑ። “እኛ መድኃኒት ተዉ ብለን አናውቅም። ሁለቱንም የሰጠ እርሱ ነው” አሉ። ታዲያ ተዪ ያላት ማን ነው? ነገሩ ውስጤ ቀረ።

ኅዳር ላይ ሲሲን ልወስድ ስሄድ በለጠች የእናቷን ፀጉር ትሠራ ነበር። እማማ ጤናዬ ዱካ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተዋል። እኔም እንደ ሞኝ ጠየቅሁ።

“በለጠች፣ ለመሆኑ ክኒኑን ተዪ ያለሽ ማን ነው?”

የእማማ ጤናዬ ትከሻ ቀጥ አለ። በለጠች ቀና ብላ አላየችኝም። ሦስተኛውን ጉንጉን ጨረሰችና የነጣ ግራ እጇን እናቷ ትከሻ ላይ አሳርፋ፣ እስኪመለስላት ጠበቀች።

“እሱን ይተዉት ጋሼ” አለችኝ።