ጀርባዋን ሰጥታ የምታነብ አክስቴ

አክስቴ ዕድሜዋን የፈጀችው የጥንቱን ተረትና አፈ ታሪክ ለልጆች እንዲስማማ አድርጋ በመጻፍ ነው። አሠራሯ ግን ለብቻው ነበር። ረቂቋን ስትጨርስ ወደ ሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ትሄዳለች፤ እኛን በረዥሙ የእንጨት አግዳሚ ላይ ትደረድርና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታነባለች። «ፊቴን ካያችሁማ በይሉኝታ ታዳምጡኛላችሁ» ትል ነበር። አግዳሚው ያረጀ ነውና አንድ ልጅ በተቁነጠነጠ ቁጥር ሲጢጥ ይላል። ሲጢጥ ያለበትን ዓረፍተ ነገር በቀይ እርሳስ ታሰምርበታለች፤ ቤቷ ስትገባ ያለ ርኅራኄ ትሰርዘዋለች። እኛም «እትዬ ጀርባ» አልናት።

ወንዝ የሚጠጣውን ጭራቅ ታሪክ የጻፈች ጊዜ አሳታሚው ቤቷ ድረስ መጣ። የጭራቁ እናት በልጇ ሬሳ ላይ የምታለቅስበትን ገጽ አልወደደውም።

«ኧረ እትዬ! ለጭራቅ የሚያለቅስ ልጅ የት አይተዋል? ይውጣ።»

«ጭራቅስ ቢሆን ከድንጋይ ተፈለፈለ እንዴ?»

ታሪኩን ከእናቷ አፍ የሰማችው ከነልቅሶው ነበር፤ ያን ገጽ ማጣት እናቷን ዳግመኛ መቅበር ሆነባት። ቢሆንም ለራሷ አላደላችም። «ነገ ይምጡና አግዳሚው ይፍረደን። በዚያ ገጽ ላይ አንዴ ሲጢጥ ካለ በገዛ እጄ እቀደዋለሁ» አለችው።

በማግስቱ ሃያ ልጆች ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ አሳታሚው በሩ ሥር ቆመ። ጭራቁ ወንዙን ሲጨልጥ እንደ ልማዳችን ሲጢጥ፣ ሲጢጥ አደረግነው። ከዚያ እናቲቱ ከተራራው ወረደች። ጎጆ የሚያክለውን የሟች ልጇን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ ከጥርሱ መሀል አሸዋ ትለቅም ጀመር። «አንተ ልጅ፣ ቀስ ብለህ ጠጣ አላልኩህም?» አለችው።

ክፍሉ እረጭ አለ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አክስቴ ኋላ እንዳጫወተችኝ፣ ሰልችተን በእግር ጣታችን ሾልከን የወጣን መስሏት ኖሯል። ሆኖም እስከ መጨረሻዋ ቃል አነበበችና ፈራ ተባ እያለች ዞረች።

ሃያችንም እዚያው ነበርን፤ አፋችንን ከፍተን።

ከሁላችን ትንሿ ልጅ፣ «እሷንስ ማን አባበላት?» አለች።

«እኔ እንጃ፣ የኔ ዓለም» አለች አክስቴ። «እናቴን ጠይቄያት ነበር፤ እሷም አልመለሰችልኝም።»

አሳታሚው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። «ገጹ ይቆይ» አለ፣ እንደ ሹክሹክታ።